የጎደለውን ውሃ መለካት፦ በራያ ቆላ በናፍጣ ፒካፕ ላይ ቀስ በቀስ የሚጠፋ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ምንጩን ስለመፈለግ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በቆቦና በአካባቢው ቆላማ ሥፍራዎች ለመስክ ሥራ የሚውል የናፍጣ ፒካፕ የማቀዝቀዣ ፈሳሹ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ቀስ በቀስ በሚጎድልበት ጊዜ ምንጩ በምን ዓይነት ሥርዓት ሊለይ እንደሚችል ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የጎደለውን ሳይለኩ ውሃ መሙላት ጥገና ሳይሆን ማስረጃ ማጥፋት ነው የሚል ነው። ለዚህም የአካባቢውን የከፍታ፣ የሙቀትና የውሃ ጠባይ መነሻ በማድረግ ሦስት ጉዳዮች ቀርበዋል፤ አንደኛ በየቀኑ የሚጨመረው ውሃ በሞተሩ ውስጥ የሚያስከትለው ለውጥ፣ ሁለተኛ ጉድለቱን በጉዞ ሁኔታ ከፋፍሎ የመመዝገብ ዘዴ፣ ሦስተኛ ሞተሩን ከመፍታት በፊት መከናወን ያለባቸው ፈተናዎች ቅደም ተከተል። በመጨረሻም ዘዴው በአንድ የማስተማሪያ ምሳሌ ተፈትሿል።

1. መግቢያ

ከወልድያ ወደ ቆቦ፣ ከቆቦም ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ የሚመላለሱ የብዙ ፒካፖችን የኋላ ጭነት የተመለከተ ሰው አንድ የማይቀር ዕቃ ያያል። ይኸውም ቢጫ የውሃ ጀሪካን ነው። ሾፌሩ ጠዋት ኮፈኑን ይከፍታል፤ የራዲያተሩን ክዳን ያነሣል፤ የጎደለውን ሞልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ ልማድ መኪናው በመንገድ ላይ እንዳይቆም ስለሚያደርግ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱ ግን ወዲያው አይታይም። ትናንት ስንት እንደጎደለ፣ ከትናንት በስቲያ ስንት እንደነበረ፣ የጎደለውም በሜዳ ይሁን በዳገት የሚያውቅ የለም፤ ማስረጃው በተሞላው ውሃ ተሸፍኗልና። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ የመሙላት ልማድ በሽታውን ከባለቤቱ ዓይን የሚደብቅ ሆኗል።

ጉዳዩ ተመራማሪዎችንም በቀጥታ ይመለከታል። በራያ ሸለቆ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ፣ ስለ ማሽላ ምርት ወይም ስለ እንስሳት ጤና የሚያጠና ቡድን መረጃውን የሚሰበስበው በተሽከርካሪ ነው። የአፈር እርጥበት መለኪያውን በየወቅቱ የሚያስተካክል አጥኚ ወደ ማሳው የሚያደርሰውን ተሽከርካሪ ጠባይ ሳይመዘግብ ይቀራል። የበልግ ዝናብ ግን ሰው አይጠብቅም። ሞተሩ በሁለተኛው ሳምንት በሙቀት ምክንያት ቢበላሽ የሚጠፋው የጥገናው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ዳግም የማይገኝ የወቅቱ መረጃም አብሮ ይጠፋል።

ፈሳሹ ቀስ በቀስ መጥፋቱ ደግሞ ድንገት ከመጥፋቱ ይልቅ የሚያታልል ነው። ማኒኮቶ ሲፈነዳ እንፋሎቱ ስለሚታይ ሾፌሩ ወዲያውኑ ይቆማል። ቀስ ብሎ የሚጎድለው ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ከዚህም በላይ የፈሳሹ መጠን የሙቀት ጠቋሚው ከተተከለበት ቦታ በታች ሲወርድ ጠቋሚው በፈሳሽ ፈንታ በአየርና በእንፋሎት ይከበባል፤ በዚህ ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ምልክት ከእውነተኛው ሙቀት በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጌጁ መሐል ላይ ነው» የሚለው መጽናኛ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የማይታመን ይሆናል።

2. አካባቢውና የሞተሩ ጫና

የቆቦ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል የወሎ ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ያጥሯታል። በመካከሉ ያለው ሜዳ ከደጋው በጎርፍ በወረደ ደለል የተሞላ ነው። ከክረምቱ ዝናብ በፊት ባሉት የግንቦትና የሰኔ ወራት የቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል። ሜዳው ግን በዳገት የተከበበ ነው። በደቡብ በኩል ወደ ወልድያ ሲኬድ መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በሰሜን በኩል ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አላማጣ ተነሥቶ በግራካሱ ጠመዝማዛ መንገድ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮረም ያደርሳል።

የዚህን ዳገት ትርጉም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒካፕ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት የስበት ኃይልን ለማሸነፍ ብቻ 24.5 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ይህ ወደ 14 ኪሎ ዋት የሚጠጋ የማያቋርጥ ሥራ ነው። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ውስጥ ከሩብ እስከ ሲሦ የሚሆነው በማቀዝቀዣው ፈሳሽ በኩል መውጣት ስላለበት፣ በዳገቱ ላይ ራዲያተሩ የሚሸከመው ሙቀት በሜዳው ከሚሸከመው እጅግ ይበልጣል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ይቀንሳል፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ራሱ ይሳሳል።

ከፍታ የውሃን ነጥበ ፍሌትም ይቀንሳል። ውሃ በክፍት ዕቃ ሲጣድ በቆቦ 95 ዲግሪ፣ በኮረም 91.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የብዙ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ በመደበኛው የሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የንጹሕ ውሃን ነጥበ ፍሌት በቆቦ ወደ 116፣ በኮረም ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ምንጩ ደክሞ በ0.4 ባር የሚከፈት ክዳን ግን በቆቦ 106፣ በኮረም 103 ዲግሪ ገደማ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከሁሉም የማቀዝቀዣ ክፍሎች በዋጋው ትንሹ የሆነው ክዳን በዚህ አካባቢ ከአሥር ዲግሪ በላይ የሆነ የደኅንነት ልዩነት ይወስናል።

3. በሚጎድለው ምትክ የሚገባው

የፈሳሹ መጉደል የሚያስከትለው ጉዳት በሚወጣው ነገር ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በምትኩ የሚገባውም ሊታሰብ ይገባል። ኩላንት ውሃ፣ ኤቲሊን ግላይኮልና ዝገት ተከላካይ ቅመሞች የተዋሐዱበት ፈሳሽ ነው። ቆላ ላይ ውርጭ ባለመኖሩ «ውሃ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ የግላይኮልን አንድ ጥቅም ብቻ ይመለከታል። ኩላንቱ ግን ነጥበ ፍሌትን ከፍ ያደርጋል፤ የብረቱን፣ የአሉሚኒየሙንና የብየዳውን አካል ከመበላት ይጠብቃል።

10 ሊትር ኩላንት የሚይዝ፣ የግላይኮል ድርሻውም 50 በመቶ የሆነ ሞተር እንውሰድ። በየቀኑ 100 ሚሊ ሊትር እየጎደለ በንጹሕ ውሃ ቢተካ፣ በእያንዳንዱ ቀን ከቀረው ግላይኮል አንድ በመቶው ይወጣል። በዚህ ስሌት ከ70 ቀን ገደማ በኋላ ድርሻው ወደ 25 በመቶ፣ ከ100 ቀን በኋላ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። ዝገት ተከላካዩም በዚያው መጠን ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የፈሳሹ ከፍታ ሙሉ ነው፤ ሾፌሩም መኪናውን በሚገባ እንደያዘ ያምናል።

ሁለተኛው ለውጥ ከውሃው ጠባይ ይመነጫል። በሸለቆው ለመጠጥም ለመስኖም የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውሃ በደለልና በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት ይሟሟበታል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ከፈሳሹ ተለይቶ በጋለው አካል ላይ ይጋገራል፤ ውሃ በተደጋጋሚ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። ለስሌት ያህል በአንድ ሊትር ውሃ 300 ሚሊ ግራም የሚሆን ቅርፊት አምጪ ማዕድን አለ ብንል፣ አንድ ጊዜ በተሞላ 10 ሊትር ውስጥ ያለው 3 ግራም ብቻ ነው፤ ይህ ችላ ሊባል ይችላል። በየቀኑ ግማሽ ሊትር የሚሞላለት ሞተር ግን በዓመት 180 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ ከዚህ ጋር የሚገባው ማዕድን ወደ 55 ግራም ይደርሳል። ቅርፊቱ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከሞተሩ ብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ በቴስታታው ውስጥ በባልቮላዎች ዙሪያ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ እንዳይወጣ ያግዳል። ስለዚህ ፈሳሽ የሚያጎድል ሞተር ሳይታጠብ በየቀኑ እንደሚጣድ ማንቆርቆሪያ ነው። ጉድለቱ ትንሽ መሆኑ የጉዳቱን መጠን አይወስንም፤ የሚወስነው የቆየበት ጊዜ ነው።

4. የመመዝገብ ዘዴ

ምንጩን ከመፈለግ በፊት መጠኑን ማወቅ ይገባል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ራዲያተሩ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ በመጠባበቂያ ጠርሙሱ ላይ የፈሳሹ ከፍታ በፕላስተር ይመለከታል። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ እንደቆመ፣ እስከ ምልክቱ ለመሙላት ያስፈለገው መጠን በሲሪንጅ ተለክቶ ይጻፋል። በዚሁ መስመር ላይ የትናንቱ ጉዞ፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ ጭነቱ፣ ዳገት መኖሩና የማለዳው የአየር ሙቀት ይመዘገባሉ።

ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ሞተር መለካት የሚገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። ንጹሕ ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ ይዘቱ 3.4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በ10 ሊትር ላይ ይህ 340 ሚሊ ሊትር ነው። ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ ከዚህም ይበልጣል። አንድ ቀን በሙቅ፣ ሌላ ቀን በቀዝቃዛ ሞተር የሚለካ ሰው የሚያየው የሙቀቱን ልዩነት እንጂ ጉድለቱን አይደለም። በማለዳ የተለካ ቢሆንም እንኳ ኮረም ያደረ መኪና ቆቦ ካደረው በ10 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ በዚህ ብቻ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆን የውሸት ጉድለት ይታያል። ስለዚህ የዘዴው የመለየት ወሰን በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከዚህ በታች የሆነውን ለማወቅ ተመሳሳይ ቀናትን መደመር ያስፈልጋል።

ይህ ወሰን ከዓይን ጋር ሲነጻጸር ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ቢባል፣ በደቂቃ አንዴ ጠብ የሚል ፈሳሽ በቀን 72 ሚሊ ሊትር፣ በወር ከ2 ሊትር በላይ ይሆናል። ጠብታው በጋለ የሞተር አካል ላይ ካረፈ ወዲያው ይተናል፤ መሬት ቢደርስም በቆላው ደረቅ አየርና በአቧራው ተውጦ ይጠፋል። «ከሥሩ ምንም የለም» የሚለው የተለመደ ምስክርነት ስለዚህ ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም፤ ፍሳሹ ከትነቱ ያነሰ ነው ማለት ብቻ ነው።

5. ጉድለቱ መቼ እንደሚበዛ

የመዝገቡ ዋና ጥቅም ቀናቱን በሦስት መክፈሉ ነው፤ መኪናው የቆመባቸው ቀናት፣ በሜዳ ማለትም በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ መካከል የተጓዘባቸው ቀናት፣ ዳገት የወጣባቸው ቀናት። ጉድለቱ በየትኛው እንደሚበዛ ሲታወቅ የተጠርጣሪዎቹ ቁጥር ይቀንሳል።

መኪናው ቆሞ እያለ የሚጎድል ከሆነ ትኩረቱ በማኒኮቶዎች፣ በማሰሪያዎቻቸውና በራዲያተሩ ማፍሰሻ ላይ ያርፋል። ጎማና ብረት ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይኮማተሩ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚገጥም መጋጠሚያ በሌሊት ብርድ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ቆቦ ደረቅ የነበረ ማኒኮቶ ኮረም ሲያድር ርሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድለቱ ከዳገት ጋር ሳይሆን ሞተሩ ከሠራበት ሰዓት ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የውሃ ፓምፑ ነው። በዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ፈሳሹ ከፓምፑ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ መድፈን አይገባም። በጋቢና ውስጥ ያለው የማሞቂያ ራዲያተርም በዚህ ምድብ ይገባል። ቆላ ላይ ማሞቂያ የሚከፍት ስለሌለ ይረሳል፤ ነገር ግን ደጋ ወጥተው ማሞቂያውን ሲከፍቱ የሚሸት ጣፋጭ ሽታ፣ የመስተዋት መጨፍገግና የረጠበ ምንጣፍ ምስክሮቹ ናቸው።

ጉድለቱ በዳገት ቀናት ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ሦስት መላምቶች ይቀርባሉ። አንደኛው ግፊት መያዝ ያቃተው ክዳን ነው። ሁለተኛው የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራ ወይም በማሽላ ውቂያ ወቅት በሚነሣ ገለባ መደፈን ወይም የቬንትሌተሩ መድከም ነው። ሦስተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መላቀቅ ነው። ሦስቱም ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው፤ የሚጠይቁት ወጪ ግን እጅግ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ፍርድ የሚሰጠው በሦስተኛው ላይ መሆኑ የመዝገብንና የፈተናን አስፈላጊነት ያሳያል።

አንድ ልዩ ሁኔታም አለ። ራዲያተሩ ጎድሎ የመጠባበቂያ ጠርሙሱ ሞልቶ ከተገኘ ፈሳሹ አልጠፋም፤ ቦታ ቀይሯል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈሳሹን መልሶ የሚስበው የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቋል፣ ወይም ወደ ጠርሙሱ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ይስባል ማለት ነው።

6. የፈተናዎቹ ቅደም ተከተል

ፈተናዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ምንም ከማይፈታው ወደሚፈታው መሄድ አለባቸው። በሁሉም ላይ አንድ ሕግ አይታለፍም፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በግፊት የተያዘ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ፈሳሽ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅን ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ፈተና የዓይን ምርመራ ነው። ሞተሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ማታ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፋል። ማለዳ ላይ ካርቶኑና መጋጠሚያዎቹ ይታያሉ። ኩላንት ሲተን ቀለም ያለው ቅርፊት፣ የጉድጓድ ውሃ ሲተን ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጠብታው ቢተንም ቅርፊቱ አሻራው ነው።

ሁለተኛው ክዳኑን በግፊት መለኪያ መፈተን ነው። በላዩ በተጻፈው መጠን ካልያዘ ሌላ ክርክር ሳያስፈልግ ይለወጣል።

ሦስተኛው መላውን ማቀዝቀዣ በእጅ ፓምፕ ግፊት መሙላት ነው። ግፊቱ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው መጠን አያልፍም፤ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር በቀጥታ ማገናኘት ጤነኛውን ራዲያተር ሊያፈነዳ ይችላል። ግፊቱ ለ15 ደቂቃ ካልወረደ ሞተሩ ለብ ካለ በኋላ ፈተናው ይደገማል። ግፊቱ እየወረደ በውጭ ምንም ካልታየ ፈሳሹ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደር፣ ወደ ዘይት ወይም ወደ ጋቢና እየገባ ነው። የጭስ ማቀዝቀዣ በተገጠመላቸው አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ በዚያ በኩል ወደ ጭስ መውጫው ሊሄድ ይችላል።

አራተኛው በፈሳሹ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨምሮ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ በሌሊት በአልትራቫዮሌት ባትሪ መመርመር ነው። ለትንንሽ ፍሳሾች ከዚህ የተሻለ የመስክ ዘዴ ጥቂት ነው።

አምስተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮንን የሚመለከት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ከተነሣ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ሙቀት ግፊት ሊፈጥር ከመቻሉ በፊት፣ የላይኛው ማኒኮቶ ከጠነከረ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ፈሳሹ እየገባ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከራዲያተሩ አንገት የሚወጣውን አየር በብሮሞታይሞል ብሉ ፈሳሽ ማሳለፍም ይቻላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ሰማያዊው ቀለም ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይለወጣል። እዚህ ላይ ለናፍጣ ሞተር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ ብዙ ትርፍ አየር ስለሚስብ የጭሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ቀለሙ አለመለወጡ ጓርኒሲዮኑ ጤነኛ ነው ለማለት አያበቃም። ፈተናው ሞተሩ በጭነት ከሠራ በኋላ መደገም አለበት። ውሃ ወደ ዘይት መግባቱን ለማወቅ ደግሞ በጋለ ብረት ላይ የዘይት ጠብታ ማሳረፍ ይቻላል፤ ውሃ ካለበት እየተንጣጣ ይረጫል። በአንጻሩ በኮረም ብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ጭስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከቃጠሎ የሚወጣ እንፋሎት በብርድ ሲጨማተር የሚታይ ነውና።

7. የማስተማሪያ ምሳሌ

የሚከተለው ምሳሌ ለትምህርት የተዘጋጀ ነው፤ ቁጥሮቹም የአስተሳሰቡን መንገድ ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። አንድ የመስክ ቡድን ለ14 ቀን መዝገብ ያዘ እንበል። በቆመባቸው 3 ቀናት በድምሩ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሜዳ በተጓዘባቸው 6 ቀናት 270 ሚሊ ሊትር፣ ኮረም በወጣባቸው 5 ቀናት 1,650 ሚሊ ሊትር ጎደለ። ጠቅላላው 1,930 ሚሊ ሊትር፣ የቀኑ አማካይ 138 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ አማካይ ግን የትኛውንም ቀን አይወክልም። የቆመበት ቀን ከመለየት ወሰኑ በታች ነው፤ የሜዳው ቀን 45፣ የዳገቱ ቀን 330 ሚሊ ሊትር ነው።

ወደ ጋራዥ «ውሃ ይጨርሳል፤ ዳገት ላይ ይብሳል» ተብሎ ብቻ የተወሰደ መኪና ቴስታታው ሊወርድ ይችላል። መዝገቡ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በሜዳው ቀን ሞተሩ 4 ሰዓት፣ በዳገቱ ቀን 5 ሰዓት ሠርቷል እንበል። በሜዳው በሰዓት 11 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠፋል። ይኸው ጉድለት በዳገትም ከቀጠለ የዳገቱን ቀን 56 ሚሊ ሊትር ብቻ ያስረዳል። የቀረው 274 ሚሊ ሊትር ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ፍሳሾች አሉ የሚል መላምት ይቀርባል፤ አንዱ ሰዓትን፣ ሌላው ጭነትን የሚከተል።

ክዳኑ ሲፈተን በ0.9 ፈንታ በ0.4 ባር ተከፈተ፤ ተለወጠም። ከዚያ በኋላ ባሉት 5 የዳገት ቀናት ጉድለቱ በአማካይ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ወረደ። ይህ አስቀድሞ ከተሰላው 56 ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ መላምቱ ድጋፍ አገኘ፤ ጓርኒሲዮኑን ለመጠርጠር የቀረ ምክንያትም የለም። እዚህ ላይ ብዙ ጥገና ይቆማል፤ መኪናው ተሻሽሏልና። መዝገቡ ግን አልተዘጋም። የሚያበራው ቀለም ተጨምሮ በሌሊት ሲመረመር ከፓምፑ ቀዳዳ ሥር የወረደ ቀጭን መስመር ታየ። ፓምፑ ከተለወጠ በኋላ በተያዘው የ14 ቀን መዝገብ ጉድለቱ ከመለየት ወሰኑ በታች ሆነ።

ከምሳሌው የሚገኘው ትምህርት አንድ ጥፋት መገኘቱ ሌላ እንደሌለ አለማረጋገጡ ነው። የጥገናው ማብቂያ ዕቃው የተለወጠበት ቀን ሳይሆን ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ሆኖ የቆየበት ሳምንት ነው።

8. ማጠቃለያ

በራያ ቆላ ሦስት ነገሮች የፈሳሹን መጉደል ሊደብቁ ይተባበራሉ፤ ደረቁ አየር ጠብታውን ያተነዋል፣ ሜዳው የዳገቱን ምልክት ያስረሳል፣ ጀሪካኑ ማስረጃውን ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መለወጥ አይቻልም። ሦስተኛውን ግን በአንድ ሲሪንጅና በአንድ የደብተር ዓምድ ማረም ይቻላል። ጀሪካኑ ከመኪናው ይውረድ አይባልም፤ በበረሃ ውሃ ሕይወት ነው። ነገር ግን ከጀሪካኑ ወደ ሞተሩ የሚገባው ሁሉ ይለካ፤ ይጻፍም። ለመሙያም የተዋሐደ ኩላንት ወይም አሲድ ያልገባበት የተጣራ ውሃ ይመረጥ። በችግር ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ከተጨመረ ይኸው ተመዝግቦ በመጀመሪያው አጋጣሚ ፈሳሹ በሙሉ ይለወጥ።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ይቀራሉ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ቢሆንም ለሰውም ለእንስሳም ገዳይ መርዝ ነው። የወጣው ኩላንት ፍየልና ውሻ በሚልሱት መሬት ላይ አይደፋ፤ ሕፃን ሊያነሣው በሚችል የሃይላንድ ጠርሙስም አይቀመጥ። ሌላው የሾፌሩን ድርሻ የሚመለከት ነው። በየማለዳው ኮፈኑን የሚከፍተው፣ የሞተሩን ድምፅና ሽታ ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። የቡድኑ መሪ የመረጃ ሰብሳቢዎችን ስም ሲዘረዝር ሾፌሩን ከመካከላቸው ቢቆጥርና ደብተሩን ቢሰጠው፣ የወቅቱ መረጃ ግራካሱ ላይ ቆሞ አይቀርም።